የቡናማ ዝንብ ያዦች መለያ ካርድ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሐምሌ፣ መጀመሪያ

የሚሠራው በደረት ኪስ የሚገባ መለያ ካርድ ነው፦ አንድ ቅጠል፣ ሁለት ገጽ፣ ኤ6 መጠን (105 በ148 ሚ.ሜ.)። የሚያገለግለው ቡናማ፣ ግራጫና ጥቁር ለሆኑት የኢትዮጵያ ዝንብ ያዥ ወፎች ብቻ ነው። የመስክ መጽሐፍ እነዚህን ወፎች በአንድ ገጽ ደርድሮ ሁሉንም እኩል ግልጽ አድርጎ ይስላቸዋል። ሜዳ ላይ ያለው ወፍ ግን ጽድ ጥላ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ይቀመጥና ይሄዳል። ስለዚህ ካርዱ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ ባለኝ ጥቂት ሰከንድ መጀመሪያ የቱ ጋ ልይ?

ሰባት ዝርያ ገብቷል። ሦስቱ የሙሲካፓ ወገን ናቸው፤ ዋናው ራስ ምታትም እነሱ ናቸው። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣው ባለጭረቱ (ሙሲካፓ ስትሪያታ)፣ ዓመቱን ሙሉ ደጋው ላይ የሚኖረው ትንሹ የደጋ ዝንብ ያዥ (ሙሲካፓ አዱስታ)፣ ደረቅ ግራር የሚወደው ጋምባጋ (ሙሲካፓ ጋምባጌ)። ቀጥሎ በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኘው ባለነጭ ዓይኑ (ሜላኦርኒስ ቾኮላቲነስ) አለ፤ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፐል እ.ኤ.አ. በ1840 ለሳይንስ የገለጸው ነው። የቀሩት የግራሩ ግራጫ (ማይክሮሪንከስ)፣ ፈዛዛው (ፓሊደስ) እና ጥቁሩ (ሜላኦርኒስ ኤዶሊዮይደስ) ናቸው። የግራሩና የፈዛዛው የወገን ስም ከመጽሐፍ መጽሐፍ ስለሚለያይ ካርዱ ላይ የሚጻፈው የዝርያ ስማቸው ብቻ ነው። የአማርኛዎቹ መጠሪያዎች ለሥራው የወጡ ናቸው፤ ማንም የተሻለ ካለው ይቀይራቸው።

ረጅም ጅራቱ በነፋስ የሚውለበለበው ባለጥቁር ራስ ዝንብ ያዥ (ተርፕሲፎኔ ቪሪዲስ) አልገባም። ማንም ከማንም አያምታታውም፤ ደግሞም የሌላ ቤተሰብ ወፍ ነው።

ሐምሌ፣ መጨረሻ

በቀለም የሚጀምረው ረቂቅ ተጥሏል። «አመድማ ቡናማ»፣ «ግራጫማ ቡናማ»፣ «ዳማ ቡናማ» የሚሉት መግለጫዎች ሁለት ወፎች ጎን ለጎን ካልተቀመጡ ምንም አይለዩም፤ ዝንብ ያዥ ደግሞ ጎን ለጎን አይቀመጥም። ያው አንድ ወፍ ባሕር ዛፍ ውስጥ አረንጓዴ ይነካዋል፣ ደመና ሲሆን ይጠቁራል፣ በቀትር ፀሐይ አሸዋ ይመስላል። ላባ ራሱም ሲያረጅ ይነጣል፤ ሊቀየር ወር የቀረው ላባና ትናንት የወጣ ላባ አንድ ዝርያ ላይ ሁለት ቀለም ያሳያሉ። የሙዚየም ደረቅ ናሙናም አይታደግም፦ ግራጫና ቡናማ ላባ በመሳቢያ ውስጥ ዓመታት ሲቆይ ወደ ቀይ ቡናማ ይሄዳል። ናሙና ለርዝመት ልኬት እንጂ ለቀለም ምስክር አይሆንም፤ ለርዝመትም ቢሆን ክንፍ ሲደርቅ በጥቂቱ እንደሚኮማተር መታሰብ አለበት።

አዲሱ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ የታጠፈ ክንፍ ርዝመት፣ አናትና ደረት ላይ ጭረት መኖሩ፣ ዓይን፣ አዳኝነቱ (ምግቡን ከአየር ነው ወይስ ከመሬት የሚያነሳው)፣ ቦታና ወር። ቀለም የመጨረሻ ነው፤ ካርዱ ላይ ከአንድ መስመር አይበልጥም።

ቦታ ለምን መጀመሪያ አልሆነም የሚል ክርክር ነበር። ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ብሎ መክፈል ለእኛ አገር ሰው ቀላሉ መንገድ ነው፤ ነዋሪዎቹ ወፎችም በአብዛኛው ይታዘዙለታል። ባለጭረቱ ግን መንገደኛ ነው። ደክሞት እንጦጦ ጽድ ላይም፣ አዋሽ ግራር ላይም፣ ከተማ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይም ያርፋል። ቦታ በር ከሆነ እሱ በማይገባበት በር ይገባል።

ነሐሴ፣ አጋማሽ

የክንፍ አለካክ ተወስኗል። ክንፍ ሲታጠፍ ረጃጅሞቹ የበረራ ላባዎች ተደራርበው ወደ ጅራት ይዘረጋሉ፤ ከላይ የሚከድኗቸው ሦስት ውስጠኛ ላባዎች ናቸው። ሁለት ርዝመት ይያዛል። «ትርፍ» የምንለው ከረጅሙ ውስጠኛ ላባ ጫፍ እስከ ክንፉ ጫፍ ያለው ነው። «ክዳን» የምንለው የዚያው ውስጠኛ ላባ የሚታየው ክፍል ነው፤ ማለትም ከትልልቆቹ የክንፍ ሽፋን ላባዎች ጫፍ ተነስቶ እስከ ራሱ ጫፍ። ትርፉ ለክዳኑ ይካፈላል።

ባለጭረቱ ላይ ትርፉ ክዳኑን ያህላል፣ ወይም ጥቂት ብቻ ያንሰዋል። ደጋው ትንሹና ጋምባጋ ላይ ከግማሽ ብዙም አይርቅም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰሐራን ተሻግሮ እስከ ደቡባዊ አፍሪካ የሚወርድ ወፍ ረጅምና ሹል ክንፍ ያስፈልገዋል፣ ከጓሮ ጓሮ የሚዘዋወር ግን አጭርና ክብ ክንፍ ይበቃዋል። በእጅ ሲለካ የባለጭረቱ የታጠፈ ክንፍ ብዙውን ጊዜ 80 ሚ.ሜ. እና ከዚያ በላይ ነው፤ ሁለቱ ትንንሾች እዚያ አይደርሱም።

ልኬቱ ከፎቶግራፍ የሚሠራው በፒክስል ነው። ወፉ ትክክል ጎኑን ካልሰጠ ርዝመት ያጥራል፤ 30 ዲግሪ ዘወር ካለ የሚታየው 87 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ትርፍና ክዳን ግን በአንድ መስመር ላይ ስለሚተኙ እኩል ያጥራሉ፣ ክፍልፋዩም ሳይበላሽ ይቀራል። ምንቃርን ከጅራት ጋር ማነጻጸር ይህን አይችልም፤ አንገት ሲዞር ምንቃሩ ብቻውን ያጥራልና። የምንቃር ርዝመት ከካርዱ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ትርፉ ፎቶው ላይ ከ60 ፒክስል በታች ከሆነ አይለካም፤ ጫፍ ሲመረጥ የ3 ፒክስል ስህተት የማይቀር ነው፣ ያም ከ60 ላይ 5 በመቶ ነው።

ልኬቱን የሚያሳስቱት ሦስት ነገሮች ታይተዋል። ወፉ እንዳረፈ ክንፉን ያንቀጠቅጣል፤ በዚያች ቅጽበት የተነሳ ፎቶ ላይ ውስጠኛ ላባዎቹ ስለሚንሸራተቱ ትርፉ ይረዝማል። ክንፉ ጅራቱ ላይ ተሰብስቦ እስኪተኛ ጠብቆ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ፎቶ መውሰድ ያስፈልጋል። ላባ እየቀየረ ያለ ነዋሪ ወፍ ላይ ደግሞ ረጅሙ ውስጠኛ ላባ ወድቆ ከሆነ ከስሩ ያለው ሁሉ ይጋለጥና ደጋው ትንሹ በቁጥር ባለጭረት ይሆናል። ስለዚህ ከመለካት በፊት ውስጠኛ ላባዎቹ ይቆጠራሉ፤ ሦስት ካልሞሉ ፎቶው ይጣላል። በተቃራኒው የክንፉ ጫፍ ላባ ገና እያደገ ከሆነ ትርፉ ያጥራል፤ ይህ ባለጭረቱ ላይ በእኛ አገር እምብዛም አያጋጥምም፣ የበረራ ላባውን የሚቀይረው በዋናነት የአውሮፓን ክረምት ከሚያሳልፍበት ከደረሰ በኋላ ነውና። ሲቀይርም ከአብዛኞቹ ዘማሪ ወፎች በተለየ ከውጭኛው ላባ ጀምሮ ወደ ውስጥ ነው። ካርድ ላይ አይገባም፣ ግን ወፍ በእጁ ለሚይዝ ሰው ጥሩ ማረጋገጫ ነው።

ጳጉሜን

የመረጃ ሠንጠረዡ መስተካከል ነበረበት። የካሜራ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል፣ ማስታወሻ ደብተር ከማለዳ። ካሜራው 07:12 ያለው ፎቶ ደብተሩ ላይ 1:12 ነው። አንዳንዱ ረድፍ በዚህ፣ አንዳንዱ በዚያ ሲገባ ወፉ በሌሊት የታየ ይመስላል። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ የስደቱ ትልቁ እንቅስቃሴ ዓመቱ በሚለወጥበት ሰሞን ስለሆነ የጳጉሜንና የመስከረም ረድፎች ዓመት ይዘላሉ። ሁለት የቀን አምድና ሁለት የሰዓት አምድ ተሠርቷል፤ አንዱ ከካሜራው በቀጥታ የሚገለበጥ፣ ሌላው በእጅ የሚጻፍ። የስድስት ሰዓት ልዩነት የሌለው ረድፍ በቀይ ይበራል። መስከረም 1 አንዳንድ ዓመት በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ላይ እንደሚውል ቀመሩ ውስጥ መግባት አለበት፤ አለበለዚያ ከየካቲት በፊት ያለው ሁሉ በአንድ ቀን ይንሸራተታል።

መስከረም፣ ሁለተኛ ሳምንት

ባለጭረቱ ገብቷል። ልማዱን ለማየት አመቺው ቦታ የጓሮ አጥር፣ የእርሻ ዳር ደረቅ ዛፍ ወይም ሽቦ ነው። ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ አየር ላይ ተስፈንጥሮ ነፍሳቱን ይይዛል፣ ብዙውን ጊዜ ወደዚያው ቅርንጫፍ ይመለሳል። መመለሱ ለፎቶ አንሺ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ካሜራውን ባዶው ቅርንጫፍ ላይ አስተካክሎ መጠበቅ ይቻላል። ሰማይ ከኋላው ሲሆን የካሜራውን የብርሃን መጠን ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ደረጃ ወደ ላይ ማንሳት ግድ ነው፣ አለበለዚያ ደረቱ ጥቁር ጥላ ይሆንና ጭረቱ ይጠፋል። የካሜራው መዝጊያ ፍጥነት ከ1/1000 ሰከንድ ባይወርድ ይመረጣል።

መታየት ያለበት ግንባሩና አናቱ ነው፦ በነጣ ያለ መደብ ላይ ጥቁር ቡናማ ጭረቶች። ደረቱ ላይም ከጉሮሮ ጎን የሚጀምሩ ቀጫጭን ጭረቶች አሉ። ምንቃሩና እግሩ ጥቁር ናቸው። የራሱ ቅርጽ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ሾጠጥ ያለ ነው፤ የሁለቱ ትንንሾች ራስ ግን ክብ ነው። ሲነሳና ሲያስጠነቅቅ የሚሰማው ቀጭን «ጺ» እና አንዳንዴ ተከትሎት የሚመጣው «ትክ-ትክ» ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ካርዱ ላይ በደማቅ ፊደል ይገባል። ከምሥራቅ በኩል የሚመጡት የዚሁ ዝርያ ወፎች ገርጣ ያሉና ጭረታቸው የደበዘዘ ነው። መጽሐፍ ላይ ካለው የአውሮፓ ወፍ ሥዕል ጋር ሲተያዩ «ጭረት የለውም» ይባልና ጋምባጋ ተብለው ይመዘገባሉ። ክንፉ ረጅም ከሆነ ጭረቱ ቢደበዝዝም ባለጭረቱ ነው። ቅደም ተከተሉ ላይ ክንፍ ከጭረት የቀደመው ለዚሁ ነው።

ጥቅምት

ሁለቱ ትንንሾች። እዚህ ላይ ካርዱ ብዙ ቦታ ይፈልጋል።

ደጋው ትንሹ 12 እና 13 ሴ.ሜ. መካከል ያለ፣ ድቡልቡል፣ አጭር ክንፍ ወፍ ነው። ጫካ ዳር፣ ጅረት ዳር፣ የግቢ ጥላ ዛፍ ስር ይገኛል፤ ኮሶ፣ ወይራ፣ ዝግባ ያለበት ቦታ ሁሉ ሊፈተሽ ይገባል። አናቱ ላይ ጭረት የለም። ጉሮሮው ነጣ ይላል፣ ደረቱ ላይ ያለው ጥላ ደግሞ የጭስ እንጂ የመስመር መልክ የለውም፤ አንዳንዱ ወፍ ላይ ቅርብ ሲታይ የተፍታታ ጭረት ሊመስል ይችላል። ሆዱ ይነጣል። ከምንቃሩ ወደ ዓይኑ የምትሄድ ስስ ነጣ ያለች መስመርና የተቆራረጠ የዓይን ቀለበት አለው። ጎጆውን የዛፍ ወይም የገደል ስንጥቅ ውስጥ ግንድ ላይ በሚበቅል ሞስና በዛፍ ሽበት ይሠራል።

ጋምባጋም በመጠን ያው ነው። ስሙን ያገኘው ሰሜን ጋና ካለችው ጋምባጋ ነው፤ ቦይድ አሌክሳንደር እ.ኤ.አ. በ1901 የገለጸው ነው። ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ደቡብ ምዕራብ ዓረቢያ የሚደርስ፣ ግን የትም ቦታ በብዛት የማይታይ የደረቅ ዛፋማ መሬት ወፍ ነው። አናቱ ጭረት አልባ ነው፤ ደረቱ ላይ ብዥ ያለ ጥላ ብቻ አለ። ዋናው ምልክት የታችኛው ምንቃር ነው፦ ቢጫማ ፈዛዛ ቀለም አለው፣ የባለጭረቱ ግን ጥቁር ነው። ይህ ምልክት ከስር ወደ ላይ ሲታይ ጥሩ ይሠራል፤ ከፊት ለፊት ፀሐይ ሲመታው ግን ጥቁር ምንቃርም ያብረቀርቅና ፈዛዛ ይመስላል። ቢያንስ በሁለት አቅጣጫ የተነሳ ፎቶ ካልኖረ በምንቃር ብቻ ጋምባጋ ብሎ መመዝገብ የለበትም።

ባለጭረቱን ከጋምባጋ የሚለየው ክንፍ ነው፤ ጋምባጋን ከደጋው ትንሹ የሚለየው ግን በዋናነት መሬቱ ነው። እርጥብ ደጋ ጫካ ውስጥ ጋምባጋ፣ ደረቅ ቆላ ግራር ላይ ደጋው ትንሹ አይጠበቅም። አጨቃጫቂው በስምጥ ሸለቆው ግድግዳ ላይ ያለው ወይና ደጋ ነው፤ ወንዝ ዳር ትልልቅ ዛፍ፣ ከዛፉ 50 ሜትር ርቆ ግራር። እንዲህ ባለ ቦታ ወፉ የተቀመጠበት ዛፍ ዓይነት ይጻፍ፤ «ወንዝ ዳር» ብቻ ማለት አይበቃም። ክንፉ አጭር፣ አናቱ ጭረት አልባ፣ ምንቃሩ ያልታየ ከሆነ «ትንሽ ሙሲካፓ» ተብሎ ይመዘገባል። ሠንጠረዡ ላይ ይህ ራሱን የቻለ ምርጫ ሆኖ ገብቷል፤ ምርጫው ባይኖር ሰው ሁሉ በግምት አንዱን ይሞላል።

ድምፅ ለማገዝ ተሞክሯል። የደጋው ትንሹ ድምፅ እጅግ ቀጭንና ከፍ ያለ ነው። ብዙ ስልኮች የሰው ንግግርን አጥርተው ሌላውን እንዲያጠፉ ስለተሠሩ ፋይሉ ላይ ነፋስና መኪና ብቻ ይቀራል። የድምፅ ማጥራቱን ማጥፋት፣ በዌቭ ፋይል፣ 48 ኪሎኸርዝና 24 ቢት መቅዳት፤ ኋላ ላይ ከ1 ኪሎኸርዝ በታች ያለውን ቆርጦ መጣል። ቦታው፣ ሰዓቱና ከፍታው በመጨረሻ በድምፅ ይነገር፤ መጀመሪያ ላይ ከተነገረ ወፉ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ቅጂ መልሶ ማሰማት የለም፤ በተለይ ጎጆ በሚሠሩበት ወቅት ወፉን ከጫጩቱ ያስለቅቀዋል።

ኅዳር

ባለነጭ ዓይኑ ቀላል ይመስላል፤ አዋቂው ቀላል ነው። ከ15 እስከ 16 ሴ.ሜ. ርዝመት፣ ከላይ ጥቁር ቡናማ፣ ከታች ግራጫማ ቡናማ ሆኖ ወደ ሆዱ የሚነጣ፣ ዓይኑ ቅቤ የመሰለ ነጣ ያለ ቢጫ። አዲስ አበባ ውስጥ ዛፍ ያለው ግቢ ሁሉ ሊኖረው ይችላል፤ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልና መናገሻ ሱባ ጫካም አመቺ ናቸው። ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ከአየርም ከመሬትም ይለቅማል።

የሚያስቸግረው ወጣቱ ነው። ዓይኑ ገና ጥቁር ነው፤ ጀርባው ላይ ፈዛዛ ነጠብጣብ፣ ደረቱ ላይ ቅርፊት የመሰለ ጠርዝ አለ። የዚህ ቤተሰብ ጫጩቶች በአብዛኛው እንዲህ ነጠብጣብ ለብሰው ስለሚወጡ «ነጠብጣብ ያለው» ማለት ዝርያ አይነግርም። ነጠብጣብና ጭረት መለየት አለበት፦ ነጠብጣብ ክብ ሆኖ በጀርባና በክንፍ ሽፋን ላይ የሚበተን፣ ጭረት ደግሞ በአናትና በደረት ርዝመት የሚሄድ ነው። ካርዱ ላይ ሁለቱም በአንድ ሳንቲም የሚያህል ክብ ውስጥ ተስለው ጎን ለጎን ገብተዋል። ወጣት ወፍ ሲገኝ ከሁሉ የሚበጀው መጠበቅ ነው፤ ወላጁ ምግብ ይዞ ይመጣል።

ዓይን አያታልልም እንዳይባል፣ ተቃራኒው ስህተትም ይታሰብ። የብልጭታ መብራት ወይም ዝቅ ያለች ፀሐይ ጥቁር ዓይን ላይ ነጭ ነጥብ ትጥላለች። ነጩ ቀለም በዓይኑ ብሌን ዙሪያ ሙሉ ቀለበት ካልሆነ አይቆጠርም።

ጥር

ስምጥ ሸለቆ፣ አዋሽ፣ ከዚያም የደቡቡ ግራር።

የግራሩ ግራጫ ካርዱን ለመፈተን የተፈጠረ ይመስላል፤ አናቱ ላይ እንደ ባለጭረቱ ጥቃቅን ጭረት አለው። ስለዚህ «አናት ላይ ጭረት = ስደተኛ» የሚለው አቋራጭ እዚህ ይፈርሳል። ደረቱ ግን ንጹሕ ነው፣ ክንፉ አጭር ነው፣ ከመጠኑ አንጻር ጅራቱ የረዘመ ይመስላል፣ ምንቃሩም ትንሽ ነው። አዳኝነቱም ይለያል፦ ከግራር ቅርንጫፍ ሆኖ መሬቱን ያያል፣ ወርዶ ይለቅማል፣ ወደ ሌላ ዛፍ ይሄዳል። አንድ ወፍ ለአሥር ደቂቃ ቢጠበቅ የአየሩና የመሬቱ ድርሻ ይታወቃል። ሁለቱም ሁለቱንም ያደርጋሉ፤ አንድ ጊዜ መሬት ስለወረደ ብቻ አይፈረድም።

ፈዛዛው ከግራሩ ግራጫ ይበልጣል (15–17 ሴ.ሜ.)፣ ወደ ቡናማ ያደላል፣ አናቱ ጭረት አልባ ነው። ሰፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች የበዙበትን ቦታ ይመርጣል። ምንም ምልክት የሌለው መሆኑ ምልክቱ ነው።

ጥቁሩ በመጠንም በቀለምም ከሌሎቹ አይምታታም፤ የሚምታታው ከባለመቀስ ጅራቱ ጥቁር ወፍ ከድሮንጎ ጋር ነው። ድሮንጎ ዓይኑ ቀይ፣ ጅራቱ የተሰነጠቀና ወደ ውጭ የተቆለመመ፣ ጠባዩ ጠበኛና ጯሂ ነው። ጥቁሩ ዝንብ ያዥ ዓይኑ ጥቁር ቡናማ፣ ጅራቱ ጫፉ ቀጥ ያለ፣ ጠባዩ ዝምተኛ ነው፤ ላባውም ድምቀት የለውም። ላባ የሚቀይር ድሮንጎ ጅራቱ ሳይሰነጠቅ ሊታይ ስለሚችል ዓይን ይቅደም። ለዚህ ወፍ ካርዱ ላይ ሁለት መስመር በቂ ነው።

የካቲት

ሥዕልና ኅትመት። ሁሉም ወፍ በአንድ መጠነ ልክ መሳል አለበት፤ አለበለዚያ ትንሹና ትልቁ እኩል ይሆናሉ። በግማሽ መጠን ተሞክሮ ለጽሑፍ ቦታ አልተረፈም። በአንድ ሦስተኛ ደጋው ትንሹ 42 ሚ.ሜ.፣ ባለጭረቱ 47፣ ባለነጭ ዓይኑ 52፣ ጥቁሩ 60 ገደማ ይሆናሉ፤ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ሥዕሉ ከፎቶ ላይ በመስኮት ብርሃን ተገልብጦ በእርሳስ፣ ቀጥሎ በጥቁር ቀለም ነው። ባለ ቀለም ኅትመት ተሞክሮ ቀርቷል፦ ግራጫማ ቡናማ ሦስትና አራት ቀለም ተቀላቅሎ ስለሚወጣ አንዱ ማተሚያ ወደ ቀይ፣ ሌላው ወደ አረንጓዴ ወሰደው። ጥቁርና ነጭ መስመር የትም ቢታተም ያው ነው።

ወረቀቱ 250 ግራም፣ ማተሚያው ሌዘር። በቀለም ፈሳሽ የሚያትመው ማተሚያ ላሚኔት ሲጋል ይፈዛል፣ ጠርዝ ሲከፈት ደግሞ ውኃ ይስበውና ይሰራጫል። የላሚኔት ከረጢቱ 111 በ154 ሚ.ሜ.፣ ውፍረቱ 125 ማይክሮን፤ ዙሪያውን 3 ሚ.ሜ. ጠርዝ ይተርፋል፣ ይህ ጠርዝ መቆረጥ የለበትም። ለገመዱ ቀዳዳ ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ በ8 ሚ.ሜ. ይበሳል፣ ላሚኔት ከተደረገ በኋላ በዚያው መሃል በ5 ሚ.ሜ. ይበሳል። ፕላስቲኩ በቀዳዳው ዙሪያ እርስ በርሱ ይጣበቅና ውኃ አያስገባም። በአንድ ጊዜ የተበሳው ናሙና ጤዛ ከነካው በኋላ ከቀዳዳው ጀምሮ አብጧል። የሚያብረቀርቀው ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ አያስነብብም፤ ደብዛዛው ይወሰድ።

መጋቢት መጨረሻ እና ሚያዝያ

ባለጭረቱ ወደ ሰሜን እየተመለሰ ነው። ላባው አዲስ ስለሆነ ከመስከረሙ ይልቅ ጭረቱ ጥርት ያለ፣ የክንፍ ጠርዞቹም ነጣ ያሉ ናቸው። ካርዱን የሚፈትኑት አስጎብኚዎችና የባዮሎጂ ተማሪዎች ቦታና ወር ያልተጻፈባቸው ፎቶዎች ተሰጥቷቸዋል። የወጣው ችግር ያልተጠበቀ አይደለም፦ ክንፍ ከማየታቸው በፊት ዓይናቸው ደረት ላይ ይሄዳል፣ ካርዱም ላይ ደረቱ ከክንፉ በላይ ተስሏል። በሁለተኛው ኅትመት ወፎቹ ሁሉ ጎናቸውን ሰጥተው ይሳላሉ፤ ትርፉ ላይ ወፍራም ቅንፍ፣ ክዳኑ ላይ ስስ ቅንፍ ይደረጋል።

«ትርፉ ከግማሽ ይበልጣል» የሚለው አጻጻፍም አላገለገለም። የምን ግማሽ እንደሆነ በሦስት አቅጣጫ ተተርጉሟል፤ የክንፉ፣ የጅራቱ፣ የሰውነቱ። «ትርፉ ክዳኑን ያህላል / የክዳኑ ግማሽ ነው» ተብሎ ተቀይሯል።

በዚህ ወቅት ሌላ ስደተኛም ያልፋል፤ ቡናማ ሴቷ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት፣ ወንዱ ጥቁርና ነጭ የሆነው ፊሴዱላ ሴሚቶርኳታ። ካርዱ ውስጥ አይገባም፤ ግን ጀርባው ላይ አንድ መስመር ተጨምሯል፦ ክንፍ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ቡናማ ወፍ ከእነዚህ ሰባቱ አንዱ አይደለም። እርሳስማ ግራጫ ሆኖ ጅራቱን እየከፈተ ነጭ ጠርዙን የሚያሳየውም (ፕለምቢያ) በዚያው መስመር ላይ ተጠቅሷል፤ ቅጠል ውስጥ እየተሽሎከሎከ ስለሚለቅም ቀጥ ብሎ ከሚጠብቅ ዝንብ ያዥ በጠባዩ ይለያል።

ለሁለተኛው ኅትመት የቀረው፦ የጋምባጋ የታችኛ ምንቃር ከስር የተነሳ ፎቶ፣ የወጣት ግራር ግራጫ ሥዕል፣ እና የወር ሰንጠረዥ። ሰንጠረዡ 13 ዓምድ ይኖረዋል፤ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው ይቆማል። ዋናው ፋይል በ600 ነጥብ በኢንች ተቀምጧል፤ ከዚያ በታች ሲሆን የአናት ጭረቶቹ ተጣብቀው አንድ ጥቁር እድፍ ይሆናሉ።